አረማመድ የተጻፈበት ሲዲ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እንጅባራ ላይ ጉም ወርዶ ከሱቁ ደጃፍ አስፋልቱ አይታይም ነበር። የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ያልፋል፤ ባጃጁ ግን የለም። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ፈንታሁን በጋቢ ተጠቅልለው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ትርንጎ አንቺ ነሽ? እስቲ እጅሽን» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። «ደረቅ ነው፤ ይሆናል። ሲዲ በጠርዙ ነው የሚያዝ። ፊቱን ነካሽው ማለት በሰው ሠርግ ላይ አሻራሽን አተምሽ ማለት ነው።»

በቤቱ ማዕረግ ነበረ። ካሜራማኑ ከላይ ነው፤ ሠርግ ቤት ሲገባ መንገድ ይለቀቅለታል። ከሱ ቀጥሎ ኤዲተሩ። ሲዲ ጻፊዋ እኔ ከሁሉ በታች ነበርኩ። ሌላው ሰው «በርን ማድረግ» ይለዋል፤ እኛ ቤት ግን መጻፍ ነበር የሚባለው።

ሰው በስልኩ የቀረጸውን በሚሞሪ ይዞ ይመጣል። ፋይሉን እንዳለ ሲዲ ላይ ብትገለብጡት ኮምፒውተር ያነበዋል፤ ሰውየው ቤት ያለው አሮጌ ማጫወቻ፣ ዴኩ፣ ግን «ሲዲ የለም» ብሎ ይተፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዴኩ ወደሚያውቀው ዓይነት ይቀየራል። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ ያልተዘጋ ሲዲ ቴሌቪዥን ላይ አይከፈትም። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ሲዲው አለቀለት። የተበላሹትን በክር እያሰርን ደጃፉ ላይ እንሰቅላቸው ነበር። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ ቀለማቸው ግድግዳው ላይ ይዋኛል፤ እኔም ሥራዬን ትቼ እሱን አያለሁ።

ጽፈን ስንጨርስ ደንበኛው ፊት በሱቁ ቴሌቪዥን እንሞክረዋለን። «ቴሌቪዥኑ ካላሳየው አልተጻፈም» ይሉ ነበር ጋሽ ፈንታሁን። ከሥራው የምወደው ይህን ሰዓት ነበር። ሰው ራሱን ቴሌቪዥን ውስጥ ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል፤ የተኛ ሕፃን አጠገብ የቆመ ይመስላል። ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ የፈረሳቸውን ግልቢያ እያዩ በአገውኛ ቀስ ብለው ያናግሩት ጀመር። ፈረሱ ውጭ ታስሮ ነበር፤ እሳቸው የሚያናግሩት ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ነው።

አንድ ቀን ሰይድ የሚባል የቆላ ገበሬ እናቱን ደግፎ ገባ። እናቱ፣ እማማ ዘሐራ፣ ለዓይናቸው ሕክምና መምጣታቸው ነበር። ቤተሰቡ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ነው፤ ሰይድ ያኔ ታዝሎ ነው የመጣው። እማማ ዘሐራ የደጋው ብርድ እንግዳ ሆኖባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ጋሽ ፈንታሁን ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷቸው።

«ያጎቴ ልጅ የአባቴን አገር እየዞረ ቀርጾ ላከልኝ» አለ ሰይድ ሚሞሪውን እየሰጠኝ። «የስልኩ ትንሽ ነው፤ ለእማ አይታያትም። ዓይኗ ሳይብስ በቴሌቪዥን ትየው ብዬ ነው።»

ከፈትኩት። ሰው እምብዛም የለበትም። ቀራጩ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ ትንፋሹና ኮቴው ይሰማል፤ አጥር፣ ቁልቋል፣ ዳገት፣ ምንጭ ያልፋል። ጋሽ ፈንታሁን በትከሻዬ በኩል አዩና «ይሄ የእግር መንገድ ነው። እሱን ቁረጪና ቤትና ሰው ያለበትን ተይላቸው» አሉኝ። የምቆርጥበት ላይ ምልክት አደረግሁ። ሰይድ ግን «ግድ የለም እህቴ፣ ሁሉም ይግባ» አለ። እንዳለ ጻፍኩት።

ስንሞክረው እማማ ዘሐራ ወንበራቸውን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠጉ። «ይቺ የእነ እንድሪስ ደጅ... ሾላው አለ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ ከቀራጩ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ምንጩ ጋ ሲደርስ ከምንጩ ኋላ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን አዝላ አለፈች።

«ቁም!» አሉት ቀራጩን። እሱ አልቆመም። «ፋጤ ናት! መልሱልኝ!»

የሰይድ ፊት ተለወጠ። ፋጤ የእናቱ ታናሽ እህት ናት። ያኔ መኪናው እነሱን ሲጭን እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ታማ የድርቅ ተረጂዎች መጠለያ ውስጥ ቀረች። ኋላ ሞተች የሚል ወሬ ደረሳቸው። ሐዘኗንም ተቀምጠዋል።

መልሼ ሴትዮዋ ላይ አቆምኩት። ፊቷ ነጠብጣብ ሆነ። «ይቺ ማናት? እሷን አይደለም ያልኩሽ» አሉ እማማ ዘሐራ። ፍጥነቱን ቀንሼ አሳየኋቸው፤ ሴትዮዋ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ተንሳፈፈች። «ይቺም አይደለችም።» በራሷ ፍጥነት ሳሳልፋት ግን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይኸውልሽ! ግራ እግሯን ጣል ስታደርግ አላየሽም? መሄድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!»

«እማማ፣ እንዲህ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ልብዎን አይስጡት» አሉ ጋሽ ፈንታሁን በቀስታ።

«ፊት ይለወጣል የኔ ጌታ። አረማመድ ግን ከልጅነት ነው።»

ሌላ ሲዲ ጻፍኩላቸው። መንገዱን ሙሉ ተውኩት፤ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ የምታልፍበትን ሳላቆም፣ ሳላዘገይ፣ ደጋግሜ ቀጠልኩት። ታልፋለች፣ ምንጩ ባዶውን ይቀራል፣ ደግሞ ታልፋለች። ውጭ ዝናብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በእንጅባራ መንገድ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ስለይ ኖርኩ።

ክረምቱ ገባ። በነሰይድ አገር ኔትወርኩ በዝናብ አይሠራም፤ ወሬያቸው ጠፋ። እኔ ፈራሁ። ደጋግሜ ያሳለፍኳት ሴት ሌላ ሰው ብትሆንስ? አንድ ጊዜ ላለቀሱላት እህት ሁለተኛ ለቅሶ ጻፍኩላቸው ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ ሰይድና እናቱ መጡ። እማማ ዘሐራ ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሚሞሪ ሰጡኝ።

«ያጎቴ ልጅ ምንጩ ጋ ጠብቆ ጠየቃት» አለ ሰይድ። «እሷ ናት። መጠለያው ውስጥ ያገኟት ሰዎች አሳድገዋት፣ ከማዶ መንደር አግብታ ትኖራለች።»

«ታዲያ እስካሁን አላያችኋትም?»

«በስልክ አላያትም አልኩ» አሉ እማማ ዘሐራ። «ያሳለፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺው አምጪልኝ።»

ቀየርኩ፣ ጻፍኩ፣ ዘጋሁ፣ ዴኩ ውስጥ ከተትኩት። ጋሽ ፈንታሁን በሩ ላይ ቆመው የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ በእጃቸው «ቆይ» ይሉታል።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ምንጩ ዳር ቆማለች። ቀራጩ «ተናገሪ እንጂ፣ ታይሻለች እኮ» ይላታል። አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«ምን ልበል? በአረማመዴ ለየችኝ አላልክም? እንግዲያው ልሂድላት» አለችና ዞረች።

ሄደች። በቁልቋሉ መሀል፣ በዳገቱ፣ ግራ እግሯን ጣል እያደረገች። ኮቴዋ ብቻ ይሰማል። መንገዱ ረጅም ነው። እማማ ዘሐራ አላለቀሱም። «ቀስ በይ፣ እዚያ ጋ ያዳልጣል» አሏት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሁለት እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣ ዳዴ ትቶ ለሚቆም ሕፃን እንደሚባለው፣ «ወፌ ቆመች... ወፌ ቆመች» ማለት ጀመሩ።

በበጋው ሰይድ እናቱን ወሎ ወሰዳቸው። ሲመለሱ በሱቃችን አለፉ። «ስትገናኙ የቀረጻችሁትን አምጣ፣ እጽፍልሃለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «ማን ስልክ ትዝ አለው!»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰው ፍላሽ ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ጀመረ፤ ዴኮች አቧራ ለበሱ። ጋሽ ፈንታሁን ሱቁን ለጫማ ነጋዴ አከራዩት፤ እኔም ዳንግላ ወርጄ ኤዲተር ሆንኩ። ዛሬም ሰው የቀረጸውን አሳጥራለሁ። ማሳጠር ግድ ነው፤ ረጅም ቪዲዮ ያታክታል። ከመቁረጤ በፊት ግን ባለቤቱን አስቀምጬ ሁሉንም አሳየዋለሁ። የቱ ትርፍ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።