ሳይጉመጠመጡ የቀደሱት ቄስ

ቄስ ወልደ ኪዳን በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው ተራቸውን ያጓደሉት አንድ ቀን፣ ያውም እናታቸውን የቀበሩ ዕለት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ሦስት እሑድ በተከታታይ መቅደስ ሳይገቡ ቀሩ። ምላሳቸውን የሸፈነውን ነጭ ነገር በነጠላ ጫፍ ሲፍቁት ደማ፤ የሚደማ ሰው ደግሞ አይቀድስም። በቢቸና የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ከቅጥሩ ዛፍ ሥር ቆመው እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

«አፌን ጌታ ዘጋው» አሉ ለባለቤታቸው ለወለተ ኢየሱስ።

«ጌታ ሥራ ፈቷል እንዴ የእርስዎን አፍ ሲዘጋ የሚውለው? ይነሱ፣ ሞጣ ሆስፒታል እንሂድ!»

ሞጣ የተቀበለቻቸው ኢልሀም ናት፤ ባለፈው ዓመት በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት አጠቃቀም ያሳየቻቸው ነርስ። አፋቸውን በባትሪ አየች።

«አባቴ፣ ከሳቡ በኋላ ይጉመጥመጡ ብዬዎት አልነበር?»

«ጠዋት ነው የምስበው። እሱስ አየር ነው፤ ውኃ ግን ሳልቀድስ እንዴት አፌ ይገባል?»

ሳቋ አመለጣት፤ ሲያፍሩ አይታ ዋጠችው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የጾመኛን ሰዓት መጠየቅ ነበረብኝ። ይህ ፈንገስ ነው አባቴ፤ በኔም አፍ አለ። ክብ ሆኖ አርፎ ሲቀመጥ ሥጋችን ዝም ይለዋል። ክር አብቅሎ ሲበሳ፣ መርዝ ሲረጭ ግን የተጎዳው ሕዋስ ይጮኻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ዘብ ይደርሳሉ። አፍዎ ላይ የቀረው መድኃኒት ያንን ጩኸት አፈነው።»

ቄሱ ነገሩን በልባቸው አሰላሰሉት። ሥጋ አብሮት የሚኖረውን በመልኩ አይፈርድበትም ማለት ነው፤ በሥራው እንጂ። ደግሞስ የገዛ አፋቸው ድረሱልኝ ሲል ሰንብቷል፤ እሳቸው ግን የፍርድ ቃል መስሏቸው ነበር።

ኢልሀም ሐኪሙን ጠይቃ ተመለሰች። ለፈንገሱ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጠቻቸውና፣ «የአስሙን መድኃኒት በቀን አንዴ፣ ከምሳ በፊት ይሳቡ። ተጉመጥምጠው ይትፉ» አለቻቸው።

«ቆርቤ ልትፋ? የቆረበ እኮ ምራቁንም አይተፋም።»

«ውይ! እንግዲያው የቆረቡ ዕለት ውኃውን ይዋጡታል።»

በሦስተኛው ሳምንት ነጩ ጠፋ፤ ቁስሉም ሻረ። እሑድ ድምፃቸው ከመቅደስ ሲወጣ፣ ወለተ ኢየሱስ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ቤት ሲደርሱ የአስሙ መድኃኒትና አንድ ጣሳ ውኃ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቋቸው። መድኃኒቱን ስበው፣ ውኃውን በጉንጫቸው ሞልተው ተጉመጠመጡ።

«ይዋጡት እንጂ» አለች ፊት ለፊታቸው ቆማ። «ጉንጭዎን አይቼዋለሁ!»