ጎሚስታው ቨርን እና የሚያፈሰው ጣሪያዬ

ቨርን ሃዶው አርባ አንድ ዓመት ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። ሱቁ ከዚህ ከባሕሩ ዳር ርቆ፣ ከቀይ አፈርና ከበግ በቀር ሌላ በማይታይበት አገር ነበር። ሚስቱ አይቪ ስትሞት ሱቁን ሸጠ፤ ተጎታች ቤቱን፣ ካራቫኑን፣ መኪናው ላይ አሰረና ወደዚህ ወደ ቦወን ከተማ መጣ። ካራቫን የሚቆምበት የእኛ ግቢ ገብቶ ከማንጎው ሥር ሲያቆም "ለሁለት ሳምንት ነው" አለ። ዘንድሮ ስድስት ዓመቱ ነው።

እጁን ያየ ሥራውን ያውቃል። የጎማው ጥቁር በጣቶቹ መስመሮች ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የግቢውን መታጠቢያ ቤቶች የማጸዳው እኔ ነኝና ያልሞከርኩለት ሳሙና የለም፤ አይለቅም። የታችኛው ከንፈሩ በግራ በኩል ጎደል ያለ ነው። ፀሐይ ያመጣችበትን ካንሰር አምና ሐኪሞች ቆርጠው አወጡለት። "አሁን ሲስሙኝ ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ደግነቱ የሚስመኝ የለም" ይላል።

ዝምተኛ ነው የሚሉት አሉ። ስለ አየር አንስተውለት አያውቁም ማለት ነው። ማታ ማታ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ወንበራችንንና ቢራችንን ይዘን የማንጎው ጥላ ሥር እንሰበሰባለን፤ ያኔ ይጀምራል። "ውሃ ውሸታም ነው። እዚህ ገብቶ እዚያ ይንጠባጠባል። አየር ግን እውነተኛ ነው፤ ቀዳዳውን አይደብቅም።"

"ስብከቱ ተጀመረ" ይላል ኖርም። ኖርም ጎረቤቴ ነው፤ የሸንኮራ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

ኅዳር ሲገባ የግቢው ኃላፊ ሬሊን ወረቀት ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

"ሞሪን፣ የኔ ቆንጆ፣ እንዳትቆጪኝ" አለች። እንዲህ ብላ ከጀመረች ደህና ነገር አይመጣም።

ወረቀቱ ከግቢው ባለቤቶች ነው። የአውሎ ነፋሱ ወራት ከመግባቱ በፊት ሰው ልከው ካራቫኖቹን አንድ በአንድ በእርጥበት መለኪያ ሊያስመረምሩ ነው። ኮርኒሱ የራሰ ቤት ከግቢው ይወጣል። እንጨቱ የበሰበሰ ቤት ነፋስ ሲመጣ ተበታትኖ ጎረቤቱን ይመታል ብለው ነው፤ እውነታቸውን ነው። ምርመራው ከአስራ ስድስት ቀን በኋላ ነበር።

የኔ ቤት ከአልጋዬ በላይ ያፈስ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የኖርኩበት ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት። ጎማው መሬቱ ውስጥ ሰጥሟል፤ ከዚህ ከተነሳ የሚጎተተው ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። እኔ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። "እንግዲህ ይሁን" አልኳት። ሬሊን አለቀሰች። ሻይ አፈላሁላት።

በአስራ አንድ ሰዓቱ ለሁሉም ነገርኳቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ መካሪ ሆነ።

"ያን ቀዳዳ መድፈኛ ሲሊኮን ግዢና ለጥፊበት" አለ ኖርም።

"በየዓመቱ እለጥፍበት የለ?"

ቨርን ቢራውን አስቀመጠ። "በየዓመቱ? በምኑ ላይ?"

"በአምናው ላይ ነዋ።"

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ሴትዮ! ሲሊኮን እላዩ ላይ ምንም አያስይዝም፤ ሌላ ሲሊኮንም አይይዝበትም። ቅቤ በተቀባ ሳህን ላይ ፕላስተር እንደመለጠፍ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኬክ ስትጋግሪ ኖረሻል!"

"ለልደቷ ይሆናል" አለ ኖርም።

ቨርን አልሳቀም። ዓይኑ በርቶ ነበር። "ሬሊን፣ ያ ቅጠል የምትነፉበት ሞተር ይሠራል?"

"ይሠራል። ምን ልታደርገው ነው?"

"የሞሪንን ቤት ልነፋው ነው።"

"እንደ ጎማ?"

"እንደ ጎማ! በርና መስኮቷን ዘግቼ አየር እሞላታለሁ፤ ከውጭ ሳሙና እቀባታለሁ። አረፋ የወጣበት ቦታ እሱ ነው ቀዳዳው።"

ቢራው በኖርም አፍንጫ ወጣ። "ስትፈነዳ እንዳታመልጠኝ፣ ጠዋት ቀስቅሱኝ!"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እሺ አልኩ።

በማግሥቱ ነፋስ ሳይነሳ፣ ገና አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ጋዙን ዘጋን። የፍሪጁን መተንፈሻ፣ የወለሉን ስንጥቅ፣ የበሩን ጠርዝ በፕላስተር ደፈንን፤ የሳህን ማጠቢያው ቧንቧ ውስጥ ጨርቅ ወተፍኩ። አንዱን መስኮት በካርቶን ሸፍነን የሞተሩን አፍ በካርቶኑ አስገባን። ቨርን ገመዱን ሳበ።

ቤቴ እንደ ተኛ ሰው ደረቷን ነፋች። ግድግዳዎቹ ተንቋቁ። ድንገት ድው! የጣሪያው መስኮት፣ ያ አሮጌ የፕላስቲክ ክዳን፣ ተነቅሎ እንደ ቁራ በረረ። ከማንጎው ላይ አልፎ ኖርም ቋሊማ የሚጠብስበት ብረት ላይ አረፈ።

"እኔ ሲሊኮን ነበር ያልኩት!" ብሎ ጮኸ ኖርም፣ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሶ።

ሬሊን መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ቨርንም እንባው እስኪወጣ ሳቀ። "ጥፋቱ የኔ ነው! ለብስክሌት ጎማ የትራክተር አየር ሰጠኋት።" ያን ትልቅ ቀዳዳ በኮምፔንሳቶና በፕላስተር ዘጋን። የመታጠቢያውን መስኮት ጣት በምታህል ከፈት አደረገና ሞተሩን በዝግታ አስነሳው። አሁን ቤቷ ትንሽ ብቻ አበጠች።

ቨርን ክብደቱ አንድ ቦታ እንዳያርፍ ጣሪያው ላይ ሳንቃ አንጥፎ በሆዱ ተኛ። ከአልጋዬ በላይ ያለውን በሳሙና ውሃ ቀባ። ምንም። የኔን ኬክ ዳር ዳሩን ቀባ። ምንም። በዚህ መሃል ፀሐይ ከፍ አለች፤ ቆርቆሮው ጋለና ሳሙናው አረፋ ሳይሠራ መድረቅ ጀመረ። ከባሕሩም ነፋስ ተነሳ።

ከዚያ ያደረገውን አይቼ አላውቅም ነበር። ከንፈሩን በምላሱ አረጠበና አፉን ወደ ቆርቆሮው አስጠግቶ በሆዱ እየተሳበ ከንፈሩን በጠርዙ ላይ ማሳለፍ ጀመረ። ጎሚስታ ቀዳዳው ሲጠፋበት ጎማውን በእርጥብ ከንፈሩ ሥር ያሳልፈዋል ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ከጣት ይልቅ ከንፈር አየር ያውቃል።

"ኧረ ቨርን፣ ቢያንስ ስሟን ጠይቃት!" አለ ኖርም።

ዳር እስከ ዳር ሄዶ ተመለሰ። ሲወርድ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መስሏል። "የለም" አለ። "ቀዳዳው አለ፤ ቤቷ ስትተነፍስ በጆሮዬ እሰማታለሁ። ግን ከንፈሬ አይነግረኝም። በዚህ በኩል ነበር የማውቀው፤ ቆርጠው ጣሉት።"

አርባ አንድ ዓመት የሠራበት ዕቃው የጠፋበት ሰው ነው የቆመው።

ቀና ብሎ አየኝ። "ሞሪን፣ አንቺ ጣሪያው ላይ ውጪ።"

"እኔ? ስልሳ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው!"

"እኔ ሰባ ዘጠኝ ነኝ፣ አሁን ነው የወረድኩት።"

ወጣሁ። ባርኔጣዬን ደፍቼ ሳንቃው ላይ ተኛሁ፤ ከንፈሬን አረጠብኩ። ከአልጋዬ በላይ ጀመርኩ። የጋለ ብረት እንጂ ሌላ የለም። ቨርን ከታች እኩል አብሮኝ ይራመዳል። "ቀስ። አትቸኩይ። ከንፈርሽ ደርቋል፣ አርጥቢው።" የታዛው ሸራ የሚሰካበት የአሉሚኒየም ጠርዝ ጋ ደረስኩ፤ ብሎኖቹን የሚሸፍን የፕላስቲክ ጥብጣብ አለው። ምድጃው ካለበት አለፍኩ። በሩን አለፍኩ። ከአልጋዬ አምስት ሜትር ርቄ፣ ከፊት ለፊቱ ማዕዘን ልደርስ ስል፣ አንድ ነገር ከንፈሬን ነካኝ። የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ።

"እዚህ!" ብዬ ስጮህ ጥርሴ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

"ተመለሺና ድገሚው!" አለ ቨርን ከታች።

ወደ ኋላ ተሳብኩና እንደገና መጣሁ። "አለ! ቨርን፣ አለ!"

ኖርም መሰላሉን እየሮጠ ወጥቶ ስፖንጁን ሰጠኝ። በባርኔጣዬ ጥላ ሠርቼ ጨመቅኩበት። አረፋው እንደሚገነፍል ወተት ተነሳ! አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ይወጣል። "ጎል!" ብሎ ጮኸ ኖርም፤ ሬሊን ትዘላለች፤ እኔ ጣሪያ ላይ ተኝቼ እንደ እብድ እስቃለሁ።

ቨርን ከታች ቆሞ ቤቴን በጎን አያት። "አፍንጫዋ ቀና፣ ጭራዋ ዝቅ ያለ ነው። ማነው እንዲህ ያቆማት?"

"እኔው ነኛ። የሳህን ማጠቢያው ውሃ አልፈስ ሲለኝ ጊዜ ወደ ኋላ አዘነበልኳት።"

"ያውልሽ! ከፊት ገብቶ በቆርቆሮው ሥር አምስት ሜትር ተንሸራቶ ነው አልጋሽ ላይ የሚወርደው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራስሽን ሲያምሽ እግርሽን ስታሺ ኖርሽ።"

ጥብጣቡን ስንስበው አስራ አንድ ብሎን ዝጎ ተገኘ። ሌሎች ሁለት ጭራሽ የሉም፤ ባዶ ቀዳዳ፣ ውስጡ ጥቁር ውሃ። ቨርን እንጨቱን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረገው። "መዳፍ የምታህል ብቻ ናት የለሰለሰችው። አልሞተችም፣ ሞሪን!"

እኔ አንድ ቱቦ ማጣበቂያ ከፍቼ ቆሜያለሁ። እጄን ያዘኝ። "አሁን ከዘጋሽው ውሃውን ውስጥ ቆልፈሽበት ነው። መጀመሪያ ይድረቅ።"

"ዝናቡ ቢቀድመንስ?"

"እንግዲህ እሽቅድምድም ነው።"

እሽቅድምድሙም ተጀመረ። ከአልጋዬ በላይ ያለውን ኮርኒስ ጥቂት ገልጠን ክፍት ተውነው። የግቢው ሰው ቬንትሌተሩን ይዞ መጣ፤ ሰባት ሆኑ፤ መብራቱ ሁለቴ ጠፋብን። ጣሪያውን የሸፈንንበትን ሸራ ቀን እንገፋለን፣ ማታ እንመልሳለን። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል። ኖርም ስልኩን ይዞ ሰማይ ጠባቂ ሆነ። "ፕሮሰርፓይን ከተማ ላይ እየጣለ ነው! ወደዚህ... ቆይ... የለም፣ ወደ ባሕሩ ዞረ!" ሰዉ ሁሉ እንደ ፈረስ ግልቢያ ተመልካች ያጨበጭባል። እኔ ደግሞ ኬኬን በፕላስቲክ ስፓቶላ ስልጥ ሰነበትኩ። ሁለት ባልዲ ሲሊኮን ወጣ።

በአሥረኛው ቀን ቨርን እንጨቱን ነካ፣ አሸተተ። "አሁን።" ጠርዙን በአልኮል ወለወልን። እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ግራጫ ማጣበቂያ በጥቅል አምጥቶ ከአሉሚኒየሙ ሥር ዳር እስከ ዳር አነጠፈ። ብሎኖቹ የማይዝጉ፣ ከድሮዎቹ ትንሽ ወፈር ያሉ ነበሩ። "ስታጠብቂው ከሁለቱም ጎን ተርፎ ካልወጣ ጠገበ አትበይ" ይለኛል። ተርፎ ወጣ፤ በስፓቶላ ቆረጥኩት። አዲስ የጣሪያ መስኮት ገጠምን። ጭራዋን በክሪክ አንስተን ውሃው ወደ ጎን እንዲወርድ አደረግን፤ የሳህን ማጠቢያውን ቧንቧ ኖርም አስተካከለው። በዓመት ሁለቴ ጣሪያውን አጥቤ ጠርዙን በጣቴ እንድዳስሰው አስማለኝ። ከዚያ እንደገና ነፋናት። ሳሙናውን ቀባሁ። ከዳር እስከ ዳር አንድም አረፋ የለም።

ዝናቡ የመጣው በምርመራው ቀን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተደፋ እንጂ ዘነበ አይባልም። መርማሪው ወጣት ነው፤ ከባርኔጣው ውሃ እየተንጠባጠበ ገባ። ከኋላው ቨርን፣ ኖርምና ሬሊን ተግተልትለው ገቡ፤ እግር ማሳረፊያ ጠፋ።

"ሁላችሁም እዚህ ነው የምትኖሩት?" አለ ልጁ።

"ዘመድ ነን" አለ ኖርም።

የመለኪያውን ሁለት መርፌዎች መጀመሪያ ከፊት ለፊቱ ማዕዘን ላይ ተከለ። "አስራ ስምንት።"

"ጥሩ ነው መጥፎ?" አለች ሬሊን።

"ከሃያ በላይ የሆነ ይወጣል።"

ወደ አልጋዬ ሄደ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ የሚናገረው አይሰማም። መርፌዎቹን ከትራሴ በላይ ተከለ። እኔ ቁጥሩን ማየት አልፈለግሁም፤ የቨርንን ፊት አየሁ። ቨርን ቁጥሩን ያያል።

"አስራ ሦስት!" ብሎ ጮኸ ቨርን። ልጁ ወረቀቱ ላይ "ደረቅ" ብሎ ጻፈ፣ የአንድ ዓመት ማኅተም መታበት፣ ሰጠኝ።

ሬሊን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኖርም ቤቷ እስክትወዛወዝ ዘለለና ወደ መርማሪው ጆሮ ጠጋ ብሎ "የኔን ለነገ ብታደርግልኝስ?" ይለዋል። ቨርን አልዘለለም። ጥቁር መስመር ያለበት መዳፉን ከአልጋዬ በላይ ኮርኒሱ ላይ አሳርፎ ዝናቡን ያዳምጣል።

ወለሌን አየሁት፤ ረጥቧል። ሁሉም ገብተው በሩን የዘጋ አልነበረም።

"ኧረ በሩን ዝጉት!" አልኳቸው። "ዝናቡ እየገባ ነው!"