ደቡብ ዋልታን በእድር

እኔ ሞኙ፣ ደቡብ ዋልታን ለኢትዮጵያ በሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ልወስድላት ነበር።

ስምንተኛ ክፍል የሆነችው ልጄ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ተሰጣት። ታሪክ ሌላ መንገድ ይዞ አገሮች ሁሉ ደቡብ ዋልታን ቢሻሙ ኖሮ መሬቱ ለማን ይገባ ነበር? እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ አገር ይከራከራል፣ ወላጆች ድምፅ ይሰጣሉ። ኖርዌይን ልትይዝ ስትል «አገር የለሽም እንዴ?» ብዬ ኢትዮጵያን አስያዝኳት። ንግግሩንም እኔው ጻፍኩላት።

ልምምድ ላይ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ቤት ስትገባ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ዳዲ፣ መርከብ የለንም! ኦልድ መሆን አርጊዩመንት አይደለም!»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሥራዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ ነው፤ ለመኪና እንጂ ለአገር ቦታ መያዝ የት አውቅበት!

በማግስቱ በረዶ ጣለ። ለአንድ የእድራችን አባል የእናቱ መርዶ መጥቶ ስለነበር፣ ለቀስተኛ ሳይደርስ ደጁን መጥረግ የኔ ተራ ነበር። ልጄን ይዤ ሄድኩ። ገና ሁለት አካፋ ሳልዝቅ ተንሸራትቼ በቂጤ ቁጭ! የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ከበሩ ላይ ሆነው፣

«ተነሣ ባክህ! በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ አንችልም!» አሉኝ።

ልጄ አካፋውን ተቀበለችኝና ጠርጋ ጨረሰች።

የክርክሩ ቀን የኔን ወረቀት ጭራሽ አላወጣችም። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፤ «እድር»ን ብቻ በአማርኛ ተወችው።

«ሌሎቹ ባንዲራ ይተክላሉ። እዚያ ብርድ ላይ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? የሐዘንተኛውን ደጅ ማን ይጠርጋል? እኛ መጀመሪያ እድር እናቋቁማለን። የየትም አገር ሰው ይመዝገብ። መሬቱ አብሮ ለሚጠርገው ነው።»

የሳቀ የለም። ያቺ ቤት ውስጥ «ሹራብሽን ልበሺ» ስላት የምትነጫነጭብኝ ልጅ! ጃኬቴ ደረቴን አልችል አለ፣ ዚፑን ከፈትኩት።

ድምፅ ሲቆጠር ኖርዌይ በለጠችን፤ ሁለተኛ ወጣን። ስንወጣ ለኖርዌይ የተከራከረው ልጅ አባት፣ በር የሚያክል ፈረንጅ፣ ፓርኪንጉ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

«ድምፄን ለልጄ ነው የሰጠሁት፣ ምን ላድርግ፣ ልጄ ነው» አለኝ። «እዚያ በረዶ ላይ ከሞትኩ ግን፣ አደራ፣ የናንተ እድር ይቅበረኝ።»