ያልተከለከለው ሩጫ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርሁም፤ ለንስሐ አባቴማ ጭራሽ አልተናገርሁም። ለእሳቸው ለምን እንዳልተናገርሁ ስትደርሱበት ይገባችኋል። እናንተን የመረጥኋችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊትን ለማያይ ሰው መናዘዝ ይቀላል፤ ይህም ራሱ አንድ ፍርሃት ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለኝ። የምታወቀው ግን ከሱቄ ይልቅ በሩጫዬ ነው። ተወዳድሬ ያሸነፍሁት ነገር የለም። ሆዴ ቀበቶ አላስቋጥር ሲለኝ የጀመርሁ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር የምሮጥ ጎልማሳ ነኝ። ሳልሰለች ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የሰፈሩ ወጣቶች ሱቄ እየመጡ ዘዴውን ይጠይቁኛል። ጫማህን ማታ አልጋህ ሥር አስቀምጥ እላለሁ። ሳታስብበት ውጣ፤ ማሰብ ከጀመርህ ብርድ ልብሱ ያሸንፍሃል እላለሁ። ዝናብ ቢያስቀርህ፣ ለቅሶ ቢያውልህ፣ ጉልበትህ ቢያብጥ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ሲከፈት ካቆምህበት ቀጥል እንጂ ባለፈው አትቆጭ እላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ጓደኛ ያዝ እላለሁ። ይህን የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ አይለወጥም። እንዴት አይለወጥም?

ጓደኛ ነበረኝ። ጋሽ ውበቱ ይባላሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሱቄ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ያለ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። በዕድሜ አባቴ ባይሆኑ ታላቅ ወንድሜ ይሆናሉ። ስኳር ይዟቸው ነበር። ሐኪሙ “ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው አይዋሉ፤ እግርዎን ያንቀሳቅሱ” ቢላቸው፣ “እግሬማ ፔዳል ሲረግጥ ነው የሚውል፤ የተቀመጥሁ እኔ ነኝ” ብለው እንደመለሱለት እየሳቁ አጫወቱኝ።

አብረን እንሩጥ ያልሁ እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። እሳቸው አልጠየቁኝም። ያን ጊዜ ሰኞ ጀምሬ ሐሙስ የምተው ሰው ነበርሁ፤ የሚያስነሣኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እሳቸውም አስነሡኝ። በር አያንኳኩም፤ ገና ሳይነጋጋ አጥሬ ሥር ቆመው ይስላሉ። ሳሉን ሰምቶ መተኛት የለም። ክረምት ሲሆን፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ዛሬስ ይቀራሉ ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ ሳሉ ይመጣል። “ዝናቡም ሥራውን ይሥራ፣ እኛም የእኛን” ይሉኛል።

ከአንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ሁለት ሱሪ ሰፉ፤ አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን ለእኔ፤ በጎኑ ነጭ መስመር ያለው። ከተማው ሳቀብን። “ዘበኛ ተቀጠራችሁ ወይ?” አሉን። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን እንደያዙ ቆም ይሉና “እናንተ፣ ምን እያባረራችሁ ነው?” ይላሉ። ጋሽ ውበቱ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ፣ የሚቀነስ ፍጥነትም ስላልነበራቸው፣ “ስኳር ነው እታለሜ፣ ስኳር ነው” ብለው ያልፋሉ። እስከ ላህ ወንዝ ድልድይ ደርሰን እንመለሳለን። በዓመቱ ስኳራቸው ወረደ። ሐኪሙ ደስ አለው፤ እሳቸውም “ይህ ያንተ ውለታ ነው” አሉኝ። እኔም ውለታውን ተቀበልሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ርቀትና ፍጥነት የሚቆጥር ስልክ ገዛሁ። ስልኩ በየቀኑ ምን ያህል ቀርፋፋ እንደሆንሁ ይነግረኝ ጀመር። ያን ሰሞን ቡሬ ላይ ከፋሲካ በኋላ የሕዝብ ሩጫ እንደሚደረግ ሰማሁ፤ እዚያ ገብቼ ሰው ፊት መሮጥ አማረኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ አንድ የሠፈራችን ጎረምሳ በአጠገባችን እንደ ነፋስ አልፎ ዞር አለና “ሽማግሌ ማስታመም ጀመርህ እንዴ?” አለኝ። ጋሽ ውበቱ ሰምተው ሳቁ። እኔ ግን አፈርሁ። በእሳቸው አፈርሁ። በአጥሬ ሥር በሚስሉት፣ ሱሪ በሰፉልኝ ሰው አፈርሁ።

“ጋሽ ውበቱ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻዬን ልሩጥ” ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ቢሰሙኝ “ሂድ እንጂ፣ አንተ ገና ጉልበት አለህ” ነበር የሚሉኝ። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ነገር ግን ፊታቸው ለአፍታ ሲጠቁር ማየት አልፈለግሁም። ትቼአቸው ስሄድም ጥሩ ሰው ሆኜ መሄድ ፈለግሁ። ስለዚህ ከውሸት ሁሉ ጥሩ ሰው የሚያስመስለኝን መረጥሁ።

የቅበላ ሰሞን ነበር። በረንዳቸው ላይ የሰው ኮት እያሳጠሩ ነበር። “ጋሽ ውበቱ፣ መምሬ ይባቤ በሁዳዴ መሮጡ ይቅርባችሁ አሉን፤ ጾም ላይ ለሥጋ መሯሯጥ አይገባም አሉ” አልኋቸው። መምሬ ይባቤ የሁለታችንም የንስሐ አባት ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም። በዚያ ሳምንት አላየኋቸውም እንኳ።

ጋሽ ውበቱ ፔዳሉን አቆሙ። “ሐኪሙ ግን እንዳታቆም ብሎኛል” አሉ። እኔም “ሐኪሙ የሥጋ ነው” አልሁ። ይህን አልሁ። ዝግጅት እንኳ አላስፈለገኝም፤ አፌ ላይ ነበር። እሳቸውም ኮቱን አንድ ጊዜ አገላብጠው አዩትና “እሱስ ልክ ነህ። የንስሐ አባት ቃል አይታለፍም” ብለው ፔዳሉን ቀጠሉ።

ለምን ሄደው አልጠየቋቸውም ትሉ ይሆናል። በእኛ ዘንድ የንስሐ አባቱን “እውነት እንዲህ ብለዋል?” ብሎ የሚመረምር የለም፤ ጋሽ ውበቱ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አይመረምሩም። ይህን አውቃለሁ። ውሸቴን የገነባሁት በዚህ ላይ ነው። በሞኝነታቸው አልተጠቀምሁም፤ ሞኝ አይደሉምና። የተጠቀምሁት በታዛዥነታቸው ነው።

በማግስቱ ሳሉ አልመጣም። ከከተማው ጀርባ ባለው የጠጠር መንገድ ብቻዬን ወጣሁ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቃችሁም፤ ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ። ጾሙን ሙሉ በዚያ መንገድ ሮጥሁ፤ ጋሽ ውበቱ ጾሙን ሙሉ ተቀመጡ።

ፋሲካ ዋለ። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ጋሽ ውበቱ ሱቄ መጡ። ምርኩዝ አልያዙም፤ ያኔ ሁለቱም እግሮቻቸው ደኅና ነበሩ። “አባታችን ፈቱን ወይ?” አሉኝ። የቡሬው ሩጫ ገና አልደረሰም ነበር። “ገና ናቸው፤ ሲሉኝ እነግርዎታለሁ” አልሁ። የመጀመሪያውን ሳሰላስል ውዬ ተናግሬው ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ግን ሚስማር እየመዘንሁ ነው የተናገርሁት።

ቡሬ ላይ ሮጥሁ። ከሕዝቡ መካከል ገባሁ፤ ማንም ልብ አላለኝም፤ አንድ ሙዝ ሰጡኝ። ሙዙን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁና በሚኒባስ ተመለስሁ። ያን ዕለት ማታ ሄጄ “ተፈቅዶልናል” ብል ምን ነበረበት? የመምሬን ስም ዳግመኛ በሐሰት መጥራት ከበደኝ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። አንዴ በሐሰት አስሮ፣ ለመፍታት ሲሆን ሐቀኛ መሆን አያስቅም? እውነቱ ሌላ ነው። ብቻዬን መሮጥ ተመችቶኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል በጋሽ ውበቱ እግር ላይ ወጣ። ስኳራቸው ወደ ላይ ወጥቶ ኖሯል፤ ቁስሉ እንቢ አለ። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድም ለተወሰኑ ቀናት ተዘግቶ ነበርና ሐኪም ቤት ሲደርሱ መሽቶባቸዋል። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ስኳሩ የቆየ ስለሆነ ቢሮጡም ባይሮጡም ይህ ሊመጣ ይችል እንደነበር ሐኪሙ ለልጃቸው ነግሯታል፤ እሷም ለእኔ ነገረችኝ። በዚህ ቃል ላይ ብዙ ጊዜ ተደግፌአለሁ። ጫማው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ስኳሩ አለ፤ እኔ ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ቆሜ መታየት አልፈልግም። ግን ሐኪሙ የማያውቀውን አንድ ነገር እኔ አውቃለሁ። ያ ሰው መሮጥ አልተወም። አስተዉት።

ቤታቸው ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድሁ። መምሬ ይባቤ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋው ራስጌ ተቀምጠው ነበር። እኔ እግርጌ ተቀመጥሁ፤ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጎድሎ አየሁት። ጋሽ ውበቱ በደከመ ድምፅ “አባቴ፣ እግሬስ ሄደ። አትሩጥ ያሉኝን ግን አላፈረስሁም፤ አንድ ቀን እንኳ አላፈረስሁም” አሉ።

መምሬ ይባቤ ወደ ጋሽ ውበቱ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ግራ የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። የሰው ፊት እንደ ጽሑፍ የሚያነቡ ሰው ነበሩ፤ የእኔ ፊት ደግሞ ያን ዕለት ለማንበብ የሚያስቸግር አልነበረም። “መታዘዝህን እግዚአብሔር ያስብልህ፣ ልጄ” አሏቸውና በመስቀሉ ባረኳቸው። የእኔን ውሸት ለዚያ ለቆሰለ ሰው ሲሉ በራሳቸው ላይ አኖሩት።

ልሸኛቸው ወጣሁ። ደጁ ላይ ቆሙና “ቤቴን ታውቀዋለህ” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት እሄድ ነበር።

አልሄድሁም። በሌላ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናዝዣለሁ። ሚዛን ማጉደሌን ነገርኋቸው፣ በሚስቴ ላይ መጮኼን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ይጠብቃሉ። “ሌላስ?” ይላሉ። “ሌላ የለም አባቴ” እላለሁ። እየጠበቁኝ ሳለ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ ይልቅ ያለቀስሁ እኔ ነበርሁ፤ ሰው “እንዴት ቢወዳቸው ነው” አለ።

ከዚያ ወዲህ ወደ አስፋልቱ ተመለስሁ። የጠጠሩን መንገድ ዝናብ ቦርቡሮት ነበር፤ ምክንያቴ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ የለኝም። ጋሽ ውበቱ ደግሞ በእጅ የምትዞር መኪና አግኝተው እዚያው በረንዳቸው ላይ ሥራ ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስሮጥ አይተው ጠሩኝ። ቆምሁ።

“አንተን ፈቱህ?” አሉኝ።

“አዎ” አልሁ።

“መቼ?”

“ሳያርፉ” አልሁ። ሦስተኛው ይህ ነው። በሞተ ሰው ላይ።

ፊታቸው በራ። “ተመስገን” አሉ። “እኔ'ኮ ያዘንሁ ላንተ ነበር። እኔስ ሽማግሌ ነኝ፣ ለመድኃኒት ብዬ ነው የምሮጥ። አንተ ግን ትወደው ነበር። እኔን ብለህ የቀረህ እየመሰለኝ ሲከነክነኝ ነበር።” ቀጥለውም ሱሪዬን ጎንበስ ብለው አዩት። ያ ሰማያዊው ነበር። “ጉልበቱ ሳስቷል፤ ስትመለስ ተወውና ልደርብልህ” አሉኝ።

ተውሁላቸው። መኪናዋን በቀኝ እጃቸው እያዞሩ፣ ጨርቁን በግራቸው እየገፉ ደረቡልኝ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እውነቱን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ሰፍተው ጨረሱ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፤ “እንካ” አሉኝ። ተቀብዬ ሄድሁ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ይፍቱኝ ልላችሁ አይደለም። እናንተ አላሰራችሁኝም፤ ልትፈቱኝም አትችሉም። ዕድሜዬንም፣ ያን ጎረምሳም፣ ስልኩንም አልወቅስም። ዋሸሁ፤ በንስሐ አባቴ አፍ ዋሸሁ፤ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ፤ ለእያንዳንዱም ከመዋሸት ይልቅ ዝም ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ። መናገር የሚገባኝ ሰው በሕይወት አሉ፤ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠዋል፤ ቤታቸውንም አውቀዋለሁ።

ነገ ጠዋትም ሱሪውን ለብሼ በፊታቸው አልፋለሁ። እሳቸውም እንደ ወትሮው እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ አንሥተው “በርታ” ይሉኛል። እኔም እበረታለሁ።