ሸራውን ማን ሰፋው?

ክፍሉ ስላነበበው የባሕር ጉዞ አጭር ልብ ወለድ ልብስ ሰፊዋ የጻፈችውን አስተያየት፣ የጎልማሶች ትምህርት መምህሩ ጠረጴዛዋ ላይ መለሱት።

«እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ካፒቴኑ ጀግንነት! አንቺ ሁለት ገጽ ሙሉ የሸራ ቀዳዳ ታወሪያለሽ?»

«ምን ላድርግ መምህር? መርከቧ ልትሰጥም ስትል ደራሲው “ሸራው ተሰፋ” ብሎ እልፍ! የራሰ ሸራ እኮ መርፌ ይሰብራል። እኔ ድንኳን ስሰፋ ሦስት ቀን እጄ ያብጣል።»

«ድንኳንሽን ተይና እንደገና ጻፊ። አለዚያ ክፍሉን ትደግሚያለሽ።»

የደንበኛ ቀሚስ አቆይታ፣ ልጇን አዝላ ሦስቴ ያነበበችው ታሪክ ነው። ዓመቱን መድገም ደግሞ የማይታሰብ ነው። እልኋን ዋጥ አድርጋ «ካፒቴኑ ደፋር ነው፤ ማዕበሉን አልፈራም» ብላ ጻፈች። እጇ ግን አላርፍ አላት። «ሸራውን የሰፋውን ሰው ግን አንዴም አላመሰገነውም» ስትል ጨመረችበት።

መምህሩ የመጨረሻዋን መስመር በቀይ ሰረዙና ፈገግ አሉ።

«ይኸው፣ አሁን ገባሽ! አልፈሻል።»

ደስ ሊላት ሲገባ ወረቀቱን ጨምድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈችው።