ቀኝ ጆሮዬ ሳይዘጋ የመረጥኳቸው ዘፈኖች

ያለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ስነቃ ግራ ጆሮዬ ጭር ብሎ ነበር። ውሃ የገባበት መስሎኝ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ብመታው ብመታው ለውጥ የለም። ቀኙ ድሮውንም ብሬብሩክ በሚባለው ሰፈር ባለ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽን አጠገብ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ተዳክሟል። ሆስፒታል መድኃኒት ተሞከረ፤ አልተመለሰም። ሐኪሟ ከንፈሯን አይቼ እንድረዳት ወደ እኔ ዞራ፣ ቀኙም ቀስ እያለ እንደሚከተል ነገረችኝ። ስለ ማዳመጫ መሣሪያው ስጠይቃት፣ "ለንግግር ይረዳዎታል፤ ከሙዚቃ ግን ብዙ አይጠብቁ" አለችኝ።

ልጄ ይህን ስትሰማ እሁድ ከከተማው ዳር፣ ከዋይንድሃም ቬል፣ እኔ እስካለሁበት ካርልተን ድረስ መጣች።

"አባዬ፣ የምትወዳቸውን ዘፈኖች ምረጥልኝ። ስልክህ ላይ ፕሌይሊስት እሠራልሃለሁ።"

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ያን ቀን በአማርኛ ነበር የምታወራው። ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳት ከዚያ ገባኝ።

ሱዳንን አስቀደምኩ። በስደት ገዳሪፍ ሳለሁ ከሻይ ቤት ራዲዮ የሚወጣው ዑድና ቫዮሊን፣ ለእኛው ቅኝት ስለሚቀርብ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ ሆዴን ያባባው ነበር። ቀጥሎ የኮንጎ ጊታር፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የነበረ ኮንጎዊ ጎረቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ከፍቶ ያሰማን ነበር። ከደቡብ አፍሪካ ያለ መሣሪያ የሚዘፍኑ ወንዶች፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ልብስ ስታጣጥፍ የምትከፍታቸው። ከማሊ ደግሞ ኮራ የሚሉት፣ እንደ በገና ብዙ ክር ያለው መሣሪያ። እሱን የወደድኩት በቅርቡ ነው፣ መናፈሻ ውስጥ ሲጫወቱት ሰምቼ። ትዝታን ለመጨረሻ አቆየሁት።

ኮራውን ስትከፍትልኝ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚንገጫገጭ መሰለኝ። ዜማው የቱ ጋ እንደሚጀምር እንኳ ጠፋኝ። እሱን አልፋ የሱዳኑን ከፈተች፤ ይሄ ተሰማኝ። ቫዮሊኖቹ ገቡ፣ ዘፋኙ ተከተለ። ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ አብሬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ልጄ ጉልበቴን ነካችኝ።

"አባዬ፣ ዘፈኑ እኮ ቆሟል።"

"መቼ?"

"ቅድም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ።"

ስልኩን አሳየችኝ። ዝም ብሎ ነበር። እኔ የሰማሁት ከገዳሪፍ ይዤው የመጣሁትን ነው። የድሮዎቹን ጭንቅላቴ እየሞላ ይሰጠኛል፤ ኮራውን ግን በቅጡ ሳላጠናው ስለቀረሁ የሚሞላበት የለውም። ከእንግዲህ አዲስ ዜማ እንደማልይዝ፣ ያለኝም ይኸው ብቻ እንደሆነ ያኔ አወቅኩ።

ልጄ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ስትዘገይብኝ ተነስቼ አየኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ አውጥታ ታልቅስ አታልቅስ አላውቅም። ሳታየኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ለብቻዬ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። የኮንጎው ጊታር ቆርቆሮ ላይ እንደሚፋቅ ማንኪያ ሆነብኝ፤ ይባስ ብሎ አሁን ስልኩን ዘግቼ በሐሳቤ ላስታውሰው ስል የሚመጣልኝ ያው የማንኪያው ድምፅ ነው። የደቡብ አፍሪካዎቹም መሻከር ጀምረዋል። ትዝታን ፈርቼ እስካሁን አልከፈትኩትም። ልጄ በጽሑፍ "እየሰማህ ነው?" ትለኛለች። "አዎ፣ ተባረኪ" እላታለሁ።