ቀስቱ አርባ ሲል

ይህን ነገር እስከ ትናንት በስቲያ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ።

እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ መኪናን በገዛ እጄና ጆሮዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። በመላው ሚዛን ተፈሪ የእኔን ያህል ጎማ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህን እየተናዘዝኩም አልክድም። ታዲያ ያን ሁሉ እውቀት ይዤ እንዴት ዝም አልኩ?

ሾፌሩ ታደሰ ከቴፒ ቡና የሚያመላልስበት ፒክአፕ ነበረው። ቁልቁለት ላይ ከአርባ አያልፍም፤ ዓይኑ ከፍጥነት መለኪያው ቀስት አይነቀልም። አንድ ክረምት ጭቃው ቢያስቸግረው ወደ እኔ መጣ። ለትልቅ መኪና የተሠሩ ጎማዎች ገጠምኩለት። መሪው ሲዞር ጎማው የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮውን፣ ፓራፋንጎውን፣ ቢነካ፣ ፓራፋንጎውን ቆረጥኩት። "ከእንግዲህ ወንዝም አያቆምህ!" ብዬ ጎረርኩበት።

በሳምንቱ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። አጠገቡ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጁ ሰናይት ክንዷ ተሰበረ። "በአርባ ነበር የምነዳው!" ብሎ ማለ። እኔም ወሬውን ሰምተው ከሮጡት መካከል ነበርኩና ትራፊክ ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ባለሙያው፣ ምን ትላለህ?"

"ሾፌር ሁሉ አርባ ነበርኩ ነው የሚለው" አልኩ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ።

ያን የተናገርኩት ባለማወቅ ነው። በማግስቱ ግን ነገሩ ከነከነኝና አሮጌውንና አዲሱን ጎማ በሲባጎ ለካሁ። አዲሱ ዙሪያው በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም፤ ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል። ቀስቱ አርባ ሲል መኪናው ወደ ሃምሳ ይበር ነበር። ቁመቱም ጨምሯል፤ ፍሬኑም ለዚያ ጎማ አልተሠራም። አወቅኩ። አውቄም ዝም አልኩ። ስሜን ከሰው ልጅ ክንድ አስበልጬ ዝም አልኩ። ሌላ ምን ስም ልስጠው?

ከዚያ ወዲህ ከልኩ ያለፈ ጎማ ገጥሜ አላውቅም። ግን ይህ ለታደሰ ምን ጠቀመው?

ባለፈው ሳምንት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰናይት የሞተር ሳይክሏን ጎማ ልታስነፋ መጣች። ክንዷ እንደተጣመመ ነው። ስለ አባቷ ጤንነት ብጠይቃት፣ "ጋሼ፣ አንዴ እንኳ አጠፋሁ ቢለኝ ይቅር እለው ነበር፤ እስከ ዛሬ አርባ ነበርኩ ይለኛል" አለችኝ።

ትናንት በስቲያ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ።

"አንተ ሰውዬ!" አለ ታደሰ ከመቀመጫው ተነስቶ፤ "ሃያ ዓመት ውሸታም አድርገኸኝ!"

ሰናይት እጁን ያዘችው። "አባዬ፣ ለካ እውነትህን ነው፤ አርባ ነበርክ።"

"ኧረ አልነበርኩም! ቀስቱ ነው አርባ ያለው፤ አልሰማሽውም?" አለና እያለቀሰ ሳቀ። እሷም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ይቅር በሉኝ ማለት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ ያ ሰዓት የእነሱ ነበር። ስወጣ ታደሰ አልጨበጠኝም። አልፈርድበትም። ዳገቱን ግን ጉልበቴ እያመመኝም ቀለል ብሎኝ ወጣሁት።